የካባ ለባሾች ጥራዝ

ልጄ ዐብዱልሐሚድ ድሬዳዋ ሱቅ ከፍቶ ሲሄድ ልጁን ነሲማን እኔ ዘንድ የተዋት በአንድ ውል ነው። «እናቴ፣ ትማር ካሉ ትማር። ግን ስለ እሷ አንድ ክፉ ወሬ ጆሮዬ የገባ ቀን መጥቼ እወስዳታለሁ። ያን ጊዜ ትምህርት የሚባል ነገር የለም፤ ከእኔ ጋር ሱቅ ትቀመጣለች» አለኝ። የልጅቱ እናት በሞተች በዓመቱ ነበር። እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ፤ ልጅቱ ከእጄ እንድትወጣ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ልቤ አርፎ አያውቅም። ጠዋት ደብተሯን ይዛ ከጀጎል ወጥታ አዲሱ ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ እስክትመለስ ድረስ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ እፈራለሁ፤ ዝናብ ሲጠፋም እፈራለሁ። ጎረቤቴ አይሻ «አንቺ መስቱራ፣ የምትፈሪውን ያህል ብትሰግጂ ኖሮ ይኼኔ ወልይ ሆነሽ ቀብርሽን እንዘይር ነበር» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ እል ነበር እኔም። ያን ጊዜ ባሏ በሕይወት ነበር።

የምፈራው ወንድ ነበር። ነሲማ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ቁመቷ እንደ እናቷ ረዝሟል፤ መንገድ ላይ ስትሄድ መሬት መሬት አታይም። ወንድ ይመጣብኛል ብዬ በር በሩን ስጠብቅ ችግሩ የመጣው በወረቀት ነው። በዚህ ቤት ወረቀትን መፍራት ይገባኝ ነበር።

ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። የከተማው ሰው ቁርአኑ ሲያረጅበት ለእሱ ያመጣል። ወረቀቱን እኔ እሰፋለሁ፤ ቆዳውን እሱ ያለብሳል፤ በማተሚያው አበባ ያትምበታል። በዐሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት የከተማችን ወንዶች በመንግሥት ላይ አድማችኋል ተብለው ሲታሰሩ ወታደሮች ቤታችን ገብተው፣ ለጥራዝ የመጣውን ወረቀት ሁሉ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያዩ በጆንያ ሞልተው ከእሱ ጋር ወሰዱት። ሲፈታ ሳንባው አልቆ ነበር፤ ክረምቱን አልተሻገረም። ዐብዱልሐሚድ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስቶ አያውቅም።

የባሌን ማተሚያዎች፣ ወስፌውንና መጫኛ ድንጋዩን አልሸጥኩም። ነሲማ ከሕፃንነቷ ጀምራ በእነሱ ስትጫወት አደገች። መስፋቱን እኔ አሳየኋት። ማተሙን ራሷ ለመደችው። እጇ የአያቷ እጅ ነው፤ ይህን ስል ደስ ይለኝ ነበር።

ኮሚክ የሚሉትን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት ነው። ነሲማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሸዋ በር ገበያ ላይ ኦቾሎኒ ትገዛለች። አንድ ሰሞን ይህ ነገር በዛ። ሆዷን ያማታል፤ በነጋታው ደግሞ ይዛ ትመጣለች። ትል ነው ብዬ መድኃኒት ልገዛላት ስል ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሻጯ የምትጠቀልልበት ወረቀት ከአሜሪካን መጽሔት የተቀደደ ነው፤ ባለ ቀለም ሥዕል፤ ካባ ለብሶ በአየር ላይ የሚሄድ ሰው። ነሲማ የምትፈልገው ወረቀቱን ኖሯል።

«ሴትዮዋ ከኋላ ጀምራ ነው የምትቀድደው» አለችኝ። «መጨረሻውን ሰኞ በላሁት። መጀመሪያው ገና ነው።»

«መጽሔቱን እንዳለ ሽጪልኝ አትያትም?»

«አልኳት። ታዲያ ኦቾሎኒውን ባንቺ ቀሚስ ልጠቅልለው ወይ አለችኝ።»

ሳቅሁ። ወረቀቱን እያየሁ ግን ሰውዬው ይወድቃል ብዬ ነው የፈራሁት፤ ምንም ነገር አልያዘም።

በኋላ ከአንዲት የክፍሏ ልጅ ጋር ጓደኛ ሆነች፤ ፀሐይ ትባላለች። አባቷ አዲሱ ከተማ የመኪና ሹፌር ነው፤ አጎቷ ደግሞ አስመራ ከአሜሪካኖቹ ጋር ይሠራል፤ እነሱ አንብበው የጣሉትን ኮሚክ በካርቶን እያሸገ ይልክላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ሳሎናችን ነደባ በምንለው መደብ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ በደረታቸው ተኝተው ይጨቃጨቃሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ያንቺ ሰውዬ በአንድ ጥፊ ነው የሚሞተው» ትላለች ፀሐይ።

«የኔ ሰውዬ እኮ ይበራል። ማን ደርሶበት ነው በጥፊ የሚመታው?»

«በፊት አይበርም ነበር፤ ይዘል ነበር። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ሲያረጅ ነው ታዲያ መብረር የለመደው?»

«ሣዕሊው ስለተቀየረ ነው።»

«እንግዲያው የሚበረው ሣዕሊው ነዋ።»

ነሲማ ትራስ ትወረውርባታለች። ፀሐይ የሰው ቤት ነው ብላ አታፍርም፤ መልሳ ትወረውርባታለች። ትራሴን እያሰብኩ ከጓዳ አልወጣም። ያቺ ልጅ ስትመጣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስል ነበር።

ነገሩ ማንበብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነሲማ የካባ ለባሾቹን ታሪክ መጻፍ ጀመረች። የትኛው በየትኛው ዓመት ተፈጠረ፤ ማን ሣለው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከማን ጋር ተዋጋ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ለምን ጠፋ፤ ለምን ተመለሰ። ገጹን ታያለች፣ ትለጥፋለች፤ በዳርና ዳሩ በአማርኛ ትጽፋለች። በፊደል ሠራዊት ጊዜ አንብቢ ጻፊ ተብዬ ተምሬአለሁና ጽሑፏን አነብላታለሁ፤ ደህና አማርኛ ነው። ብዙዎቹ ሣዕሊዎች ስማቸውን አይጽፉም ነበር። እሷ ግን ትለያቸዋለች።

«በምን አወቅሽው?» አልኳት።

«በጆሮ። ይኼኛው ጆሮ ሲሥል ዳቦ ያስመስለዋል። ይኼኛው ደግሞ ጆሮ ስለማይችል ሁሉንም ጠጉር ያለብሳቸዋል።»

ባሌም እንዲሁ ነበር። የተጠረዘ ቁርአን ገና ሳይገልጥ የማን እጅ እንደሆነ በአበባው ይናገራል። ይህን አልነገርኳትም። ብነግራት የባሰ ትገባበታለች ብዬ ፈራሁ።

ከሁሉ የምትወደው የመጽሔቱን የኋላ ገጽ ነው፤ እዚያ የአንባቢዎች ደብዳቤ ይታተማል። «ይዩት ኡማ» ትለኛለች፤ እኔን እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ይሄ ልጅ ባለፈው ወር ካባው አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ለምን ሰማያዊ ሆነ ብሎ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ ከሌላ አገር ጽፎ ዓይንህን ታከም አለው። አይተዋወቁም እኮ።»

«ሳይተዋወቁ ይጣላሉ?»

«አዎ» አለች፤ ፊቷ በራ። «እኔም እጽፋለሁ። እስካሁን ከሐረር የጻፈ የለም።»

ወደ አሜሪካን ደብዳቤ።  «አትጽፊም» አልኳት። «ጥራዝሽን ሥሪ፤ ከዚህ ቤት ግን ደብዳቤ አይወጣም።» እሺ አለች። ነሲማ እሺ ካለች እሺ ነው፤ ዋሽታኝ አታውቅም።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሥዕሉን ሳይ፣ አንድ ለግላጋ ልጅ ካባውን ለብሶ በመስኮት ሲወጣ አየሁ። «ይሄ ልጅ የማን ነው? ቤተሰብ የለውም?» አልኳት።

«የለውም። ሁሉም የላቸውም።»

«ሁሉም?»

«እናትና አባት ያለው ልጅ ካባ አይለብስም ኡማ። አክስት ታሳድገዋለች፣ ወይ አያት፣ ወይ የቤት ሠራተኛ። ስለሱ አንድ ምዕራፍ ጽፌአለሁ።»

«በመስኮት ሲወጣ አያቲቱ ምን ትላለች?»

«አታውቅም።»

«ታውቃለች» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እርሳሷን አንስታ አንድ ነገር ጻፈች።

አሁን ስለ ሣጥኑ ልናገር። አፎቻችን፣ ማለትም በሰርግና በለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበር፣ በሠላሳ ጁዝ የተከፈለ ቁርአን አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የተጠረዘ ነው። የጠረዘው ባሌ ስለሆነ ሣጥኑ የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ከአፎቻው አንዱ መጥቶ ሣጥኑን ወደ ለቅሶ ቤት ይወስዳል። እዚያ ወንዶቹ አንድ አንድ ጁዝ ይይዛሉ፤ ሁሉም ድርሻውን ሲጨርስ በአንድ ቁጭታ ቁርአኑ ይኸትማል፣ ተነብቦ ያልቃል፤ ለሟቹ ዱዓ ይደረጋል። ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው የለመዱት ጁዝ አላቸው። የራሳቸውን ነው የሚይዙት፤ ሰው ቢነካባቸው ደስ አይላቸውም።

በዚያ ዓመት የአው ዑመር ጁዝ ተገነጠለ። አው ዑመር ከሁሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ጁዛቸውን በቃላቸው ያውቁታል፤ ያም ሆኖ ቁርአን ሲቀሩ፣ ሲያነቡ ማለት ነው፣ ገጹን ይገልጣሉ። «እጄም ድርሻዋን ታግኝ» ይላሉ። ብዙ ስለተገለጠ ነው ቀድሞ ያለቀው። ነሲማ እኔ አድሰዋለሁ አለች። አፎቻውም ፈቀደ። ከአንድ ፍየል ቆዳ ሁለት ልብስ ቆረጠች፤ አንዱ ለጁዙ፣ አንዱ ለካባ ለባሾቹ።

«የቁርአኑን ለምን አታስቀድሚም?» አልኳት።

«እጄን ልሞክር ብዬ ነው። ብሳሳት በእኔ መጽሐፍ ላይ ልሳሳት እንጂ በቁርአን ላይ እንዴት እሳሳታለሁ?»

ይህን ብላ የራሷን ቀድማ ጠረዘች። መጠኑን ከጁዙ ላይ ለክታ፣ እንደ ጁዙ አጥፎ የሚዘጋውን ምላስ አውጥታ፣ ያንኑ የአያቷን አበባ መሐሉ ላይ አትማ። ሌላ ማተሚያ ከየት ታመጣለች? እንዲደርቅ መጫኛ ድንጋዩ ሥር አስገባችው። ተሰፍቶ ቆዳ ያልለበሰውን ጁዝ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከፍ ባለው የግድግዳ መስኮት ውስጥ፣ እጅ በማይደርስበት አስቀመጠችው። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄደች።

በዚያ ጠዋት የአይሻ ባል መሐመድ ሞተ። ሱቁን ሲከፍት ወደቀ አሉ። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ቤቴን ሳልዘጋ። ከሰዓት በፊት ተቀበረ። ቤቴ ማንም እንደሌለ ያወቀው የአፎቻው ሰው ዓብዱላሂ፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ገብቶ ሣጥኑን አወጣ። ሲከፍተው የአንዱ ጁዝ ቦታ ባዶ ነው። ዞር ሲል መጫኛ ድንጋዩ ሥር ያው ቆዳ፣ ያው አበባ፣ አዲስ ሆኖ። ታደሰልን ብሎ አንስቶ፣ ስሞ፣ በግንባሩ ነክቶ ሣጥኑ ውስጥ አስገባው። ዓብዱላሂን ማንም ሊከሰው አይችልም። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው።

ዐብዱልሐሚድ የመሐመድን ሞት በስልክ ሰምቶ ከድሬዳዋ ደረሰ። መሐመድ እንደ አባት ነበር ያሳደገው። የዐስር ሶላት ተሰግዶ ወንዶቹ ትልቁ ክፍል ገቡ፤ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ አይሻን ከበን ተቀመጥን። ሣጥኑ ተከፈተ። ሁሉም የራሱን ይዞ የቀረውን ለአው ዑመር ሰጧቸው። ልጄ የተቀመጠው አጠገባቸው ነው።

ቅራቱ ተጀመረ። የወንዶቹ ድምፅ እንደ ንብ መንጋ ነው፤ ሰውን ያረጋጋል። አይሻ እጄን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ድንገት ከዚያ መሐል አንድ ነገር ሰማን፤ ሰው ያፈነው ሳቅ ሲያመልጠው የሚሰማ ዓይነት። ቀጥሎ ሌላ ሰው። ቅራቱ ተደነቃቀፈ፤ እንደገና ተያያዘ። የአው ዑመር ድምፅ ብቻ ሳይቋረጥ ይሄዳል።

አይሻ ዓይኗን ከፈተች። «ማነው የሚስቀው?» አለች።

ወደ እኔ ዞረች።

«መስቱራ፣ ባሌ ሞቶ ማነው የሚስቀው?»

እኔም አላወቅሁም። በመጋረጃው ጥግ ያየሁት፣ ኸትሙ አልቆ ዱዓው ከተደረገ በኋላ ዐብዱልሐሚድ ከአው ዑመር እጅ ጥራዙን በቀስታ ተቀብሎ በኮቱ ሥር ይዞ ሲወጣ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። በኋላ እንደሰማሁት፣ አው ዑመር በዚያ ሞራ በለበሰ ዓይናቸው፣ ጁዛቸውን በቃል እየቀሩ፣ ገጽ በገለጡ ቁጥር ካባ ለባሾቹ አንዱ ሲበር፣ አንዱ ሕንፃ ሲያፈርስ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁሉ አይተዋል። ወጣቶቹ አልቻሉም። የሳቁትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ክፉ ልጆች አይደሉም።

ቤት ስደርስ ዐብዱልሐሚድ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ነደባው ላይ አልወጣም።

«ይሄ ምንድነው እናቴ?»

እንደሆነው ሁሉ ነገርኩት። ስለ ኦቾሎኒው፣ ስለ ቆዳው፣ እጇን ለመሞከር ብላ መሆኑን። ሲሰማኝ ገጹን ይገልጣል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ነሲማ የአንባቢዎቹን ደብዳቤዎች ለጥፋለች፤ ከየደብዳቤው ሥር ስምና አድራሻ አለ።

«የሰው አድራሻ ነው ይሄ? የአሜሪካን ሰው አድራሻ በዚህ ቤት?»

«የልጆች ነው። ስለ ካባ ቀለም ነው የሚጽፉት።»

«መጥቶ የሚፈትሽ ሰው ስለ ካባ ቀለም መሆኑን ያነባል? እርስዎ ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁም።»

«ጆንያው በበሩ አልወጣ ብሏቸው ነበር» አለ። «በሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያልነገረኝ ነገር ነው።  አጠገቡ ቆምኩ።

ነሲማ በዚያው መሐል ገባች፤ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች። ጥራዙን በአባቷ እጅ ስታየው ደብተሯን አቀፈች።

«የአው ዑመር ጁዝ ግድግዳው ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ማን አወጣው?»

«ሰው በሞተበት ቤት ሰው ሳቀ» አላት። «ባንቺ መጽሐፍ። አይሻ ሰማች።»

ነሲማ ደብተሯን ጣለችው። ሮጣ ወደ አይሻ ቤት ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዛት። «ዛሬ አይደለም። ዛሬ ፊታችንን የምናሳይበት ቀን አይደለም። ልብስሽን አዘጋጂ፤ ነገ እንሄዳለን።»

እኔ ለመንኩት። ለማትሪክ ፈተናዋ አንድ ዓመት ነው የቀራት አልኩት። እድሜዬን አነሳሁ፤ የእናቷን ነፍስ አነሳሁ። ውላችንን አስታወሰኝ፤ በትሕትና ነው ያስታወሰኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የአው ዑመር ምርኩዝ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ከሰው ቤት ደጃፍ ሲቆሙ ያስላሉ እንጂ አያንኳኩም። አስገባናቸው፤ ከነደባው ከፍተኛው ቦታ ላይ ተቀመጡ።

«ዐብዱልሐሚድ» አሉ፤ «ትናንት ጁዜ ለምን ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ እንደሸተተኝ ዛሬ ነው የነገሩኝ።»

ነሲማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ያፌዛሉ አው ዑመር» አለ ልጄ።

«አላፌዝም። ከአይሻ ቤት ነው የመጣሁት። ድርሻዬን ሙሉ ነው የቀራሁት፤ አንዲት ፊደል አልጎደለም፤ ኸትሙ ሙሉ ነው ብዬ ነግሬአታለሁ። ገብቷታል። ሐዘን ላይ የሳቀውን ሰው ከፈለግህ ጠርተህ ቆጣው። ይቺ ልጅ ምን አደረገች? ቁርአን እንዳይበላሽ ፈራች። ይኼን ፍርሃት ለኛም ይስጠን።»

ዐብዱልሐሚድ ጥራዙን ገልብጦ አበባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። 

«እርስዎን እንቢ ማለት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ስለ እርስዎ ስል ልተው። ግን ይሄ ነገር በሰላም በዚህ ቤት አያድርም። እሷ ራሷ በእጇ ትፍታው፤ ወረቀቱን እናቃጥለው፤ እዚሁ ትቀመጥ፣ ትምህርቷን ትጨርስ። ካልፈታችው አብራኝ ትሄዳለች።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ።  ተነስቼ ወስፌውንና ምላጩን ራሴ አመጣሁላት፤ ጥራዙን ፊቷ አስቀመጥኩላት። «ክር ነው ልጄ» አልኳት። «ክር ብቻ ነው። እኔ ያሳየሁሽን ስፌት መፍታት ያቅትሻል? ከላይኛው ቋጠሮ ጀምሪ።»

ነሲማ ጥራዙን ከፈተች። መሐሉን ገልጣ ስፌቱ ላይ ጣቷን አደረገች። ምላጩን አነሳች። ሁላችንም እጇን እናያለን፤ አው ዑመር እንኳ አንገታቸውን ሰገግ አድርገዋል። ከዚያ ምላጩን መለሰችና ምንጣፉ ላይ፣ ስለቱን ወደ ራሷ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ ተማሪ አለው» አለች። «ይሄን የጻፈ ሌላ ሰው ግን የለም። ከፈታሁት የኦቾሎኒ ወረቀት ነው የሚሆነው።»

«ምን እያልሽ ነው?»

«ድሬዳዋ እሄዳለሁ እያልኩ ነው።»

«ይዘሽው?»

«ይዤው። ሱቅ እቀመጣለሁ። ያሉኝን ሁሉ እሠራለሁ። እሱን ብቻ አይንኩብኝ።»

ዐብዱልሐሚድ ወደ እኔ ዞረ። በልጅነቱ አንድ ነገር ሲሰብር እንዲያ ነበር የሚያየኝ። ልቡ ልጅቱ እንድትቀርልኝ እንደፈለገ አወቅሁ። አፉን ሊከፍት ሲል አው ዑመር ምርኩዛቸውን አነሱ።

«ሁለት መንገድ ሰጠሃት» አሉ። «አንዱን ያዘች። ሦስተኛ እንዳትጨምርባት።»

እሳቸው ሊረዷት ብለው ነው። ይህን አውቃለሁ። መጽሐፏ እንዳይቃጠል ሲሉ ነው። እኔን ግን በዚያች ቃል በሩን ዘጉብኝ።

«እኔስ?» አልኳት ነሲማን። ሰው ፊት ይህን ማለት አልፈለግሁም ነበር።

«ኡማ» አለች።  «እርስዎ ይመጣሉ፤ እኔም በዒድ እመጣለሁ።»

«ሣጥኑን ለማን ትቼ እመጣለሁ?»

 በዚያ ጠዋት ከመሄዷ በፊት የአው ዑመርን ጁዝ ከግድግዳው አወረደች፤ ቆዳውን አለበሰችው፤ አበባውን አተመችበት።  ከዚያ ወደ አይሻ ቤት ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። አይሻ አነሳቻት፤ ግን የድሮውን ያህል አላቀፈቻትም።

ፀሐይ የነሲማን መሄድ አልሰማችም፤ ክፍል ውስጥ ነበረች። ቅዳሜ ካርቶኗን ተሸክማ ስትመጣ እኔ ነኝ የምነግራት።

ሸዋ በር ድረስ ሸኘኋቸው። የድሬዳዋ መኪና ጫት ጭኖ ሊሄድ ረዳቱ ይጮኻል። ዐብዱልሐሚድ ከፊት ከሹፌሩ ጋር ተቀመጠ፤ ለነሲማ የደረሳት ከኋላ፣ መስታወቱ በተሰበረው መስኮት በኩል ነው። ቀይሪ አልኳት። ሌላ ቦታ የለም አለ ረዳቱ። ሹራቧን አውልቃ ጥራዙን ጠቅልላበታለች፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ልበሺው እንጂ» አልኳት። «ደንገጎ ላይ ስትደርሱ ጉም ነው። ደረትሽን ይመታሻል።»

ሞተሩ ተነሳ። ምን አሉኝ እንደማለት ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለች። ደግሜ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም። መኪናው እስኪታጠፍ አየሁት። ሹራቡ አሁንም ጥራዙ ላይ ነበር።